ሐይቁ በር አለው እንዴ?

ትልቋ ልጄ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የተወለደችው ስዊድን፣ ቬስተሮስ ነው። ከስቶክሆልም ወደ ምዕራብ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ ሜላረን የሚባል ሐይቅ ዳር ያለች ከተማ ናት። እኔ ደግሞ የባሕር ዳር ልጅ ነኝ። ልጆቼ ሜላረንን ባሞገሱ ቁጥር «የእናንተ ሐይቅ የኔን ሐይቅ ሲሶ ቢያክል ነው» እላቸው ነበር። እውነቴን ነው። ሜላረን 1,100 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ጣና ከ3,000 ይበልጣል።

ባለፈው ጥር ይህንኑ ሐይቅ ላሳያቸው ይዣቸው መጣሁ። በአውሮፕላን ነው የገባነው። የመንገዱን ነገር ታውቁታላችሁ። ልጄ ሻንጣዋ ውስጥ መጀመሪያ የከተተችው የዋና ልብሷን ነው። ስዊድን ውስጥ ልጆች ስድስተኛ ክፍልን እስኪጨርሱ ድረስ 200 ሜትር መዋኘት አለባቸው፤ ከዚያ ውስጥ 50ው በጀርባ ነው። ትምህርት ቤት እንደ ሒሳብ ያስተምራቸዋል። እሷ ገና በዘጠኝ ዓመቷ ችላዋለች። እቅዷ ደግሞ አንድ ነበር፦ 200 ሜትር በእማ ሐይቅ።

በመጣን በሦስተኛው ቀን ጠዋት ፎጣችንን ይዘን ወጣን። እኔ፣ ባለቤቴ፣ ሁለቱ ልጆች፣ ታናሽ ወንድሜም ተከተለን። የመጀመሪያው ቦታ ሐይቁ ዳር ያለ ሆቴል ነው፤ በሩ ላይ ጥበቃው አስቆመን። ሰውየው ትሑት ነው፣ ክፉ አልተናገረንም። «ማዘዝ ይኖርባችኋል፣ እንዲሁ መቀመጥ አይቻልም» አለን። እሺ። ገባን፣ ማኪያቶና ጁስ አዘዝን። ውሃው ሁለት ሜትር ታች፣ ከድንጋይ ካቡ ሥር ነው። ልጄ ጫማዋን አውልቃ ልትወርድ ስትል አስተናጋጇ እየሮጠች መጣች። «እህቴ፣ ልጅቷን መልሻት፣ እዚህ መውረድ አይፈቀድም።»

ሁለተኛው ቦታ ለሠርግ ተይዟል ተባልን። ሦስተኛው ግንብ ነው፣ በሩም ዝግ። ልጄ በዚህ መሃል ቆማ ጠየቀችኝ፦ «እማ፣ ይሄ ሐይቅ ለምንድነው በር ያለው?»

ምን ልበላት? እስቲ እናንተ ንገሩኝ።

ልጅቷ ለምን እንደገረማት እንድትረዱልኝ የቬስተሮሱን ቅዳሜያችንን ልንገራችሁ። ቬስተሮስ አጠገብ ቢዮርኖን የሚባል ቦታ አለ፤ የድብ ደሴት እንደ ማለት ነው። ጫካ ነው፣ ሐይቅ ነው፣ እሳት የሚነድባቸው ቦታዎች አሉት። ቡናዬን በፔርሙስ፣ ዳቦዬን በፌስታል ይዤ እሄዳለሁ። ማንም ምን ልታዘዝ አይለኝም። ልጆቹ ውሃ ይገባሉ፣ ባለቤቴ እሳት ያነዳል፣ ማታ እንመለሳለን። ከጎናችን የሚቀመጠው ሰው የትልቅ ኩባንያ ኃላፊም ይሁን የጽዳት ሠራተኛ በምን ይለያል? ሁሉም በቁምጣ ነው። በነሐሴ ጫካው ውስጥ ብሉቤሪ እንለቅማለን። የማን ጫካ ነው ብላችሁ ባለቤት ልታገኙለት ትችላላችሁ፤ ግን ባለቤቱ መልቀም አይከለክላችሁም። «አሌማንስሬተን» ይሉታል፤ የሁሉም ሰው መብት ማለት ነው። ሕገ መንግሥታቸው ውስጥ ሳይቀር ገብቷል። ግዴታው በሁለት ቃል ያልቃል፦ አትረብሽ፣ አታበላሽ።

በክረምት፣ በእነሱ የብርድ ወቅት ማለቴ ነው፣ ሐይቁ በረዶ ይሆናል። ሰው ላዩ ላይ በእግሩ ይሄዳል፣ በበረዶ ጫማ ይንሸራተታል። በረዶው ድንገት ቢሰበር ነክሶ የሚያወጣ፣ ጫፉ ሹል የሆነ እጀታ ከአንገታቸው ያንጠለጥላሉ። እናቴ ይህንን ፎቶ አሳይቻት እስካሁን አላመነችኝም።

ሁሉ ነገር እዚያ ጥሩ ነው እያልኩ አይደለም። ከጎኔ ያለው ጎረቤቴ በስድስት ዓመት ውስጥ ስንት ቃል እንደተናገረኝ ብቆጥር አንድ ገጽ አይሞላም። ባሕር ዳር በመጣን በሁለተኛው ቀን የሰፈሩ ልጆች የልጄን ስም ያውቁ ነበር። ይህን ልጆቼም አይተውታል፣ ወደውታልም። ግን ዛሬ የማወራው ስለ ሐይቁ ነው።

ወንድሜ ለሆቴሎቹ ተሟገተ። «ባለቤቶቹ ግብር ይከፍላሉ፣ ሰው ቀጥረው ያሠራሉ። ዳሩንስ የሚያጸዳው ማነው? ክፍት የሆነውን ቦታ ላሳይሽ» አለና ወሰደን። አሳየኝ። ባጃጆች ጎማቸው ውሃ ውስጥ ገብቶ ይታጠባሉ። ኦሞው አረፋ ሠርቶ ወደ ውስጥ ይሄዳል። የሃይላንድ ላስቲክ ተከምሯል። አጠገቡ ወንዶች ልጆች እየተንቦጫረቁ ይዋኛሉ። ልጄ የዋና ልብሷን ከቦርሳ ስታወጣ ወንድሜ እጇን ያዛት። «እዚህ አይሆንም፣ ቢልሃርዚያ አለ» አለ። ትክክል ነው። በዳር ዳሩ ያለው ቀንድ አውጣ ያስተላልፈዋል። ታዲያ እነዚያ የሚዋኙት ልጆችስ? እነሱ የማን ልጆች ናቸው?

ስለዚህ የወንድሜ ክርክር እኔን ይበልጥ አበሸቀኝ። ንጹሑ ዳር በገንዘብ፣ ቆሻሻው ዳር በነጻ ማለት እኮ ነው። በኮሪደር ልማቱ አንዳንድ ቦታ ለእግረኛ የሚሆን መንገድ ተሠርቷል፣ ማታ ማታ ቤተሰብ ወጥቶ ይናፈስበታል። ደስ ብሎኛል። ግን ውሃውን ማየትና ውሃውን መንካት ይለያያሉ።

ስዊድኖችም እንዲህ ሆነው አልተፈጠሩም። ሀብታም ሁሉ የበጋ ቤቱን ውሃ ዳር እየሠራ ዳሩን መዝጋት ሲጀምር ነው በ1950ዎቹ ሕግ ማውጣት የጀመሩት፤ በእነሱ አቆጣጠር ነው። ከ1975 ወዲህ ከባሕርም ከሐይቅም ከወንዝም ዳር 100 ሜትር ድረስ በአብዛኛው ያለ ልዩ ፈቃድ መገንባት አይቻልም። አንዳንድ ቦታ 300 ሜትር ይደርሳል። እኔ 100 ሜትር አልጠየቅሁም። ልጄ እግሯን የምትነክርበት ዳር አጣሁ ነው የምለው።

ከሁሉ የቆጨኝን ልንገራችሁ። በ2004 ዓ.ም. ገደማ እምቦጭ ጣና ላይ መታየት ሲጀምር፣ በኋላም ሲብስ፣ ያልተጨነቀ ኢትዮጵያዊ ነበር? ገበሬው እስከ ደረቱ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ነቀለ። በ2010 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ «ጣና ኬኛ» እያሉ ከኦሮሚያ ድረስ የመጡትን ወጣቶች አስታውሱ። ጣና የኛ ነው ብለው እኮ ነው የመጡት። ቬስተሮስ ያለነው እኛም ከደመወዛችን አዋጥተናል። እኔ ያን ወር ለልጄ የክረምት ጃኬት ልገዛ ያስቀመጥኩትን ነው የሰጠሁት። ያኔ ጣና የሁላችንም ነበር። ለመንቀል ስንፈለግ የኛ፣ ለመቀመጥ ስንመጣ «ምን ልታዘዝ»? ይህ ነገር ከአንጀቴ አልወጣም።

የራሴም ቁጭት አለበት። ጣና አፍንጫ ሥር አድጌ ዋና አልችልም ነበር። ወንዶቹ ወንድሞቼ ከትምህርት ቤት ሲመለሱ ልብሳቸውን ጥለው ይገባሉ። እኛ ሴቶቹ ልብስ አጥበን፣ በጀሪካን ውሃ ቀድተን እንመለሳለን። «ሴት ልጅ ውሃ ውስጥ ምን አላት?» ነበር መልሱ። ዋና የተማርኩት በ34 ዓመቴ፣ ቬስተሮስ፣ ከሶማሊያና ከሶሪያ ከመጡ ሴቶች ጋር ነው። መጀመሪያ ቀን ገንዳው ጫፍ ይዤ አለቀስኩ። ልጄን ወደ ጣና ያመጣኋት እኔ ያልዋኘሁበትን እንድትዋኝበት ነበር።

ልንመለስ ሁለት ቀን ሲቀረን ዘጌ ለመሄድ ጀልባ ተከራየን። ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ለማየት ነው። ኪራዩ ቀላል አይደለም፣ ግን ከፈልን። ከወደቡ ስንወጣ እንጨት የጫነ ደንገል ታንኳ አጠገባችን አለፈ። ቀዛፊው ለልጆቹ እጁን አውለበለበላቸው። ልጄ ግን ኩርፍ ብላ የሕይወት አድን ጃኬቷን ታጥቃ ተቀምጣለች። ጀልባ ነጂው ወጣት ነው። «ምን ሆና ነው?» አለኝ። ነገርኩት። በሩን፣ አስተናጋጇን፣ ባጃጁን፣ ሁሉንም።

ትንሽ ሄደና ሞተሩን አጠፋ። «እዚህ ዳሩ ሩቅ ነው፣ ውሃው ንጹሕ ነው። ጉማሬውም ያለው ዓባይ በሚወጣበት በኩል ነው። እውነት ዋና ትችላለች?»

«200 ሜትር፣ 50ው በጀርባ» አለች ራሷ፣ በአማርኛ።

ባለቤቴን አየሁት። እሱ ቀድሞ ሸሚዙን አውልቋል። እሱ ገባ፣ እሷም ጃኬቷን እንደለበሰች ተከተለችው። ጀልባ ነጂው ገመድ ይዞ ቆመ። ጀልባውን እየዞረች ዋኘች። እኔ ዙሩን ስቆጥር፣ ትንሹ ልጄ አብሮኝ ሲቆጥር፣ ስንተኛ ላይ እንደደረስን ጠፋብን። እሷ ግን አልጠፋባትም።

ከዚያ ፀጉሯ ፊቷ ላይ ተለጥፎ ቀና አለች። «እማ! ይሞቃል!» ብላ ጮኸች።

ጥር እኮ ነው። ከቬስተሮስ ስንነሣ ወደቡ አጠገብ ሰው ሐይቁ ላይ በእግሩ ይሄድ ነበር።