የድሬዳዋ ባቡር ከፍጥነት በፊት ሰዓት ይጠበቅለት

የአዲስ አበባ–ጅቡቲ ባቡር ወሬ ሲነሳ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «በሰዓት ስንት ይሄዳል?» ብሎ ነው። መስመሩ ሲሠራ ለመንገደኛ ባቡር 120፣ ለጭነት 80 ኪሎ ሜትር ታስቦ ነው። ይሄን ሲሰሙ «ታዲያ ለምን ከዚህ የፈጠነ አይመጣም?» የሚሉ አሉ። እኔ ግን 120 ይበቃናል ባይ ነኝ። ጊዜያችንን የሚበላው ባቡሩ የሚያዘግምበትና የሚቆምበት ቦታ ነው።

እስቲ እናስላው። ባቡሩ 10 ኪሎ ሜትር በ40 ፍጥነት ካዘገመ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል። ያንኑ ቦታ በ120 ቢያልፈው 5 ደቂቃ ይበቃዋል። 10 ደቂቃ ተረፈ ማለት ነው። ይህችኑ 10 ደቂቃ ፍጥነቱን ወደ 130 ከፍ በማድረግ እናግኛት ካልን ግን፣ ባቡሩ 260 ኪሎ ሜትር ሙሉ አንዴም ሳይቀንስ መሄድ አለበት። ከአዲስ አበባው ፉሪ–ለቡ ጣቢያ ተነስቶ አዋሽን አልፎ ማለት ነው። አንዲት አስቸጋሪ ቦታ ማስተካከል ይሻላል ወይስ ይሄ?

ከአስቸጋሪዎቹ ቦታዎች ብዙዎቹ ከብትና ግመል የሚሻገሩባቸው ናቸው። ከመተሐራ ወዲያ ሀዲዱ የአርብቶ አደር መሬት አቋርጦ ነው የሚያልፈው። ባቡር እንደ መኪና ፍሬን ተይዞ ወዲያው አይቆምም። ግመል ሲገጭ ጉዞው ይስተጓጎላል፣ የካሳ ጭቅጭቅ ይከተላል። ለባለቤቱ ደግሞ ግመል ማለት የቤተሰቡ ሀብት ነው። በአጥር ብቻ የሚፈታ አይመስለኝም፤ መንጋው ወደ ውሃ መሻገሩ አይቀርም። የት የት እንደሚሻገር የሚያውቁት እረኞቹ ናቸው። ከሀዲዱ ሥር ማለፊያ የሚሠራው እነሱ በሚያሳዩት ቦታ መሆን አለበት።

ሌላው ጉዳይ ነጠላ መስመር ነው። ከሰበታ እስከ አዳማ ሀዲዱ ጥንድ ነው። ከአዳማ ወዲያ አንድ ብቻ ይሆናል። ከፊት የሚመጣ ባቡር ካለ አንዱ ጣቢያ ላይ ቆሞ ያሳልፋል። የአንዱ መዘግየት ለሌላውም ይተርፋል። የፍጥነት ልዩነቱም አለ። አንድ ሰዓት ቀድሞ የወጣ የጭነት ባቡር 80 ኪሎ ሜትር ይቀድማል። በ120 የሚከተለው የመንገደኛ ባቡር በሁለት ሰዓት ውስጥ ይደርስበታል። እዚያ ላይ ማን ለማን መንገድ እንደሚለቅ አስቀድሞ ካልተወሰነ መንገደኛው መጠበቁ ነው። ጭነቱ የአገር ኑሮ ስለሆነ ይቅር አልልም። ለመንገደኛው ባቡር ግን ማንም የማይነካው ሰዓት ይከለልለት።

ወደ ድሬዳዋ የሚሄደው ባቡር ለዓመታት አንድ ቀን እየዘለለ ነው የሠራው። ዛሬ ካመለጠህ ነገ የለም። ለቅሶ ወይም ሰርግ ያለበት ሰው ይህን ያህል አይጠብቅም፤ አውቶቡስ ይሳፈራል። ባቡሩ 20 ደቂቃ ቢፈጥንለት ይህ ሰው ምንም አይጠቀምም። በየቀኑ ቢነሳ ግን ሐሳቡን ይቀይራል።

ከቤት እስከ ጣቢያ ያለውም የጉዞው አካል ነው። ድሮ የፈረንሳዮቹ ባቡር በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሰውን ያራግፍ የነበረው ለገሃር፣ ከተማው መሀል ነበር። ድሬዳዋ ራሷ የተቆረቆረችው በባቡሩ ምክንያት ነው። አዲሱ መስመር ግን ከከተማ ወጣ ብሎ ነው ያለፈው። የአዲስ አበባው ቀላል ባቡርም ፉሪ–ለቡ ጣቢያ አይደርስም። ጠዋት 2 ሰዓት ለሚነሳ ባቡር አያት የሚኖር ሰው ሻንጣውን ይዞ ገና ሳይነጋ መውጣት አለበት። ለባቡሩ ሰዓት ተብሎ ከመገናኛና ከሜክሲኮ የሚነሳ አውቶቡስ ቢመደብ፣ በሀዲዱ ላይ ብዙ ገንዘብ ወጥቶ ከሚገኘው በላይ ደቂቃ ይተርፋል።

ከየት ይጀመር ብትሉኝ፣ ከአዳማ እላለሁ። እስከዚያ መስመሩ ጥንድ ስለሆነ ከፊት የሚመጣ ባቡር መጠበቅ የለም። ቢሾፍቱና ሞጆ መንገድ ላይ ናቸው። ጠዋትና ማታ ለሥራና ለትምህርት የሚመላለሰው ሕዝብም ብዙ ነው። በየቀኑ በዚያው ደቂቃ የሚነሳ፣ ሰዓቱም ጣቢያው በር ላይ የተለጠፈ ባቡር ለስድስት ወር ይሞከር። ሰዓቱን ጠብቆ ስንት ቀን እንደተነሳና እንደደረሰ ደግሞ በየወሩ ለሕዝብ ይነገር።