እርማት፦ የአዲሷ ቮልስ ሞተር ከኋላ አይደለም

ወንድሜ፣ «አዲሷ ቮልስ፣ ኒው ቢትል፣ ያቺው የድሮዋ ቮልስ ናት፣ ቆርቆሮዋ ብቻ ነው የተቀየረው፤ ሞተሯን ወደ ፊት ያምጡልን» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ይመስለዋል። የጠየቅከው ግን ገና ድሮ ተደርጓል! እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2011 የተመረተችው ኒው ቢትል የተሠራችው ጎልፍ በተባለችው የቮልስዋገን መኪና አራተኛ ትውልድ ሻንሲ ላይ ነው። ሞተሯ ፊት ነው፣ የሚጎትታትም የፊት ጎማ፤ ሞተሯን በውሃ የሚያቀዘቅዝ ራዲያተርም አላት። የድሮዋ ሞተር ግን በአየር ነው የሚቀዘቅዘው።

እዚሁ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ዛፍ ጥላ ስር የምትቆም አንዲት የድሮ ቮልስ አለች። የኋላ ክዳኗ ሲከፈት ማራገቢያውና ቺንጋው ያፈጥብሃል። የአዲሷን ብትከፍት የምታገኘው የሻንጣ ቦታ ነው።

ኒው ቢትል እንደገና ብትመረት እኔ የምመኘው ለውጥ? ዳሽቦርዷ ላይ ያለችው የአበባ ማስቀመጫ አትነካብኝ። የኋላው ጣሪያ ግን ከፍ ይበል፤ ረጅም ሰው አንገቱን ደፍቶ ነው የሚሄደው።