የተኮሳት ማን ነው?

የክርክሩ መነሻ ይህ ነበር፦ «በወርቅ መፈለጊያ ዲቴክተር የተገኘን አሮጌ ጥይት አግኚው ራሱ መለየት ይችላል።» አንደኛው ወገን አሮጌ የጦር መሣሪያ ሲሰበስብ የኖረ ሰው ነው። ሌላዋ የታሪክ መምህርት ናት።

ሰብሳቢው፦ ይችላል እንጂ! አንድ ወርቅ ፈላጊ ልጅ ከአድዋ አካባቢ ቀለህና አረር አመጣልኝ፤ ቀለህ የጥይቱ ባዶ ቀፎ ነው፣ አረር ተተኩሶ የሚወጣው ጫፉ። የቀለሁን ቂጥ በሎሚ ፈተግ ፈተግ አድርጌ ፊደሉን አነበብኩ። አረሩን በካሊፐር፣ በውፍረት መለኪያ፣ ለካሁ። 11 ሚሊሜትር ቢሆን ውጅግራ፣ የፈረንሳዩ ግራስ ነው። የእኔዋ ግን ቀጠን ያለችው የጣሊያን ቬተርሊ ናት። አድዋ የዘመተው የጣሊያን ጦር አብዛኛው አዲሱን ካርካኖ ሳይሆን ቬተርሊ ነበር የያዘው። ስለዚህ ተኳሹ ጣሊያን ነው። ጥይቷ ራሷ ትናገራለች። ፕሮፌሰር ምን ያደርጋል?

መምህርቷ፦ ጋሼ፣ ጥይቷ ብትናገርም ይህን አላለችም። ከውጫሌ ውል በኋላ ጣሊያን ራሷ ለምኒልክ መሣሪያና ጥይት ልካለች። አምባላጌ ላይ የተማረከም አለ። የእኛ ሰው ተኩሷት ቢሆንስ? ደግሞ ከድሉ በኋላ የተማረከው ቬተርሊ ስንት ዘመን ሲተኮስ ኖሯል። የአድዋ ዕለት መሆኗስ በምን ታወቀ? መልሱ ያለው ቦታው ላይ ነበር፤ ቀለሁ የት ወደቀ፣ አረሩ የት ተቀበረ። ልጁ ግን ሁለቱንም በአንድ ኪስ ከቶ መጣ። ባለሙያ እስኪመጣ ሳይነካ መተው ነበረበት።

ሰብሳቢው፦ «ባለሙያ እስኪመጣ!» ልጄ፣ መቼ ነው የሚመጣው? ጦርነቱ እኮ የ1888 ነው። ማሳው በየዓመቱ ይታረሳል። ማረሻ ያወጣውን ናስ ቆራሌው በኪሎ ይገዛዋል። ባለሙያው አሁንም መንገድ ላይ ነው? ሙያ ከሆነ ደግሞ እኔም አላጣሁም። አረር በአፈሙዝ ሲወጣ በውስጡ የተቀረጸው ጥምዝ መስመር ጭረት ይተውበታል። የውጅግራ ጭረት ወደ ግራ ይዞራል፣ የቬተርሊ ወደ ቀኝ። አረሩ በአንድ ጎኑ ተጨፍልቆ እንኳ በሌላው ጎን ይታያል። በማጉያ መነጽር አይቼዋለሁ። አንቺ አይተሽ ታውቂያለሽ?

መምህርቷ፦ «ልጄ» ባይሉኝ ደስ ይለኛል። ትልልቅ ልጆች አሉኝ። ጭረቱ ጠመንጃውን ያሳያል፣ ቃታ የሳበውን ጣት አያሳይም። «ተኳሹ ጣሊያን ነው» ያሏትን ግን ዘለሏት። ቀለሁን በሎሚ መፈተግዎም ሌላ ጥፋት ነው። አሜሪካ ውስጥ ሊትል ቢግሆርን የሚባል የ1876 እ.ኤ.አ. የጦር ሜዳ አለ። በ1984 እ.ኤ.አ. በዲቴክተር አሰሱት። የእያንዳንዱን ቀለህና አረር ቦታ መዘገቡ። የአንድ ጠመንጃ ቀለሆች ከአንዱ ጉብታ ወደ ሌላው ሲሄዱ እስከ መከተል ደረሱ። ይሄ ነው መናገር።

ሰብሳቢው፦ ጎሽ! ዲቴክተሩን የያዙት እነማን ነበሩ? በጎ ፈቃደኞች! እንደ እኔ ያሉ፣ ዲግሪ የሌላቸው፣ ዓይንና ጆሮ ያላቸው። እዚያ ሲሆን ታሪክ፣ እዚህ ሲሆን ሌብነት?

መምህርቷ፦ ሌባ ያለዎት የለም። እዚያ ማሽኑ ሲጮህ ምልክት ይተክላሉ፣ ቦታው ይለካል፣ ከዚያ ነው የሚነሳው። አርኪዮሎጂስት አብሯቸው ነበር፤ ሎሚ አልያዘም። እዚህም በአዋጅ ቁጥር 209/1992 ያለ ፈቃድ ቅርስ አይቆፈርም። ደግሞ ማሽኑ ለቀለህም ለቦምብም እኩል ይጮኻል። ትግራይ መሬት ውስጥ የቀረው የ1888 ብረት ብቻ ነው ያለዎት ማነው?

ሰብሳቢው፦ ስለ ቦምቡ ልጁን ራሴ አስጠንቅቄዋለሁ። ግን «መቼ ይመጣል» ብዬ ሁለቴ ጠየቅኩ፣ አዋጅ ተነበበልኝ። እሺ ወይዘሮ መምህርት፣ ከእንግዲህ «እርስዎ» ልበልዎ። እኔ ባልቀበለው ኖሮ ያ ቀለህ ዛሬ ቀልጦ የበር እጀታ ሆኖ ነበር። ይሄ በየትኛው አንቀጽ ያስከስሳል?

መምህርቷ፦ ከመቅለጥ አዳኑት፣ እግዜር ይስጥልኝ። እንግዲያው ልጁ ያገኘበትን መንደርና ማሳ እዚሁ ይጻፉልን።

ሰብሳቢው፦ አልጽፍም! ብጽፍ ነገ ዲቴክተር ያለው ሁሉ ይወርድበታል።

መምህርቷ፦ እኔስ ከመጀመሪያው ምን አልኩ? ለእኔ ይቅር፣ ለቅርስ ባለሥልጣን ያስረክቡ።

ሰብሳቢው፦ አስረክባለሁ። ማሳውንም አሳያለሁ። ግን ማን እንዳገኛት፣ ማን እንዳቆያት ጽፈው፣ ማኅተም ያለው ደረሰኝ ይስጡኝ። በልጁ ስም አንድ፣ በእኔ ስም አንድ።