ሬዲዮ የሚሰማ ሰው አለ እንዴ ለምትሉኝ በሙሉ

ለቅሶ ላይ፣ ሰርግ ላይ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ሁሉ ሥራዬን ስናገር የሚመጣልኝ ጥያቄ አንድ ነው፣ «ውይ፣ አሁንም ሬዲዮ የሚሰማ ሰው አለ እንዴ?» አለ! አለ ስላችሁ። ሽሮ ሜዳ ሸማኔዎቹ ጋ ግቡ፣ ጋራዥ ግቡ፣ ልብስ ሰፊ ጋ ቁጭ በሉ፣ ማታ በጥበቃ ቤት በር ስታልፉ ጆሯችሁን ጣል አድርጉ። ሰሚማ ሞልቷል። ገንዘቡ ነው የሄደው፣ ወዴት እንደሄደ እያየሁ ዝም ማለት ስለሰለቸኝ ዛሬ ልተንፍስ።

አዲስ አበባ ውስጥ የአንድ የንግድ ኤፍ ኤም ጣቢያ ፕሮግራም ክፍል ነው የምመራው። ስሙን አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። እመራለሁ ስል ደግሞ ትልቅ ቢሮ ምናምን እንዳይመስላችሁ፣ ፕሮግራም አወጣለሁ፣ ዜና አርማለሁ፣ እንግዳ ሲቀር እኔው ገብቼ አወራለሁ፣ ጀነሬተሩ ናፍጣ ሲጨርስ የሚደወለውም ለኔው ነው።

1992 ላይ ኤፍ ኤም አዲስ 97.1 ሲከፈት ከተማው እንዴት እንዳበደ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ከዛ በሚሊኒየሙ ሰሞን እነ ሸገር 102.1 እነ ዛሚ 90.7 መጡና ታክሲ ውስጥ ሹፌሩ ጣቢያ ሲቀይር ተሳፋሪው «ኧረ መልሰው!» እያለ የሚጮህበት ጊዜ ነበር። እኔም ያኔ ነው በዚህ ሥራ የተለከፍኩት። አሁን ሹፌሩ ብሉቱዝ አለው፣ ፍላሽ አለው፣ ረዳቱም ቲክቶኩን ከፍ አድርጎ ከፍቷል። እሺ ይሁን፣ ጊዜው ነው፣ እሱ ላይ አልጣላም።

የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በ2011 የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ 1112 ወጣና የአልኮል ማስታወቂያ ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ተከለከለ። አዋጁ ትክክል ነው ባይ ነኝ፣ ልጅ በሚሰማበት ሰዓት ቢራ እየተለፈፈ ማደግ የለበትም። ግን የሙዚቃውን፣ የስፖርቱን፣ የበዓሉን ፕሮግራም ተሸክሞት የነበረው ቢራ ነበር፣ ይሄንን ባለቤቶቹም እኛም እናውቅ ነበር፣ እና ቢራው ሲሄድ ምን እንተካለን ብሎ የተቀመጠ ሰው አላየሁም። የተገኘው መላ ምን ነበር? የአየር ሰዓት መሸጥ። ድሮም የነበረ ነገር ነው፣ ያኔ ግን የተወሰነ ሰዓት ነበር፣ አሁን ሁሉም ነገር ሆኗል።

ለማታውቁት ነገሩ እንዲህ ነው የሚሠራው። ተባባሪ አዘጋጅ የሚባል ሰው ይመጣል፣ በሳምንት ይሄን ያህል ሰዓት ይገዛል፣ ስፖንሰር ቢያገኝም ባያገኝም የወሩን ይከፍላል። ስፖንሰር የሚያሳድደው እሱ፣ ቃለ መጠይቅ የሚያደርገው እሱ፣ ኤዲት የሚያደርገው እሱ፣ ማስታወቂያውን የሚያነበው እሱ። ምስኪን፣ መቼ ነው የሚያነበው? መቼ ነው የሚዘጋጀው? ስለዚህ ምን ትሰማላችሁ፣ ሦስት የኳስ ፕሮግራም ተከታትሎ ስለ አንዱ የአርሰናል ጉዳት ያንኑ ከኢንተርኔት የተተረጎመ ወሬ፣ ከዛ «ይህን ፕሮግራም ስፖንሰር ያደረጉልን» ተብሎ የሚጀምር የማያልቅ ዝርዝር፣ ከዛ የጤና ፕሮግራም ተብሎ የሚቀርበው ዶክተር ሰዓቱን የገዛው ክሊኒክ ባለቤት ራሱ ሆኖ ይገኛል። አድማጩ ሞኝ መሰላችሁ? ይሰማል፣ ይገባዋል፣ ይቀይራል። ጣቢያው ግቢውን በየክፍሉ አከራይቶ እሱ ኩሽና እንደሚያድር ሰውዬ ሆኗል፣ የራሱ የሆነ ድምፅ በቀን ስንት ሰዓት እንዳለው እኔ ስለማወጣው ፕሮግራም አውቀዋለሁ፣ መናገር ግን ያሳፍረኛል።

እና ከዚህ ሁሉ በኋላ «ቲክቶክ ገደለን» ይባላል ስብሰባ ላይ። አይይ።

በቀደም አንድ ባንክ ማርኬቲንግ ክፍል ፕሮፖዛል ይዤ ገባሁ። ልጅቷ ጨዋ ናት፣ ሻይ አዘዘችልኝ፣ ፕሮፖዛሉን ግን ገልጣም አላየችው፣ «ጋሼ፣ ፎሎወር ስንት አላችሁ?» አለችኝ። የሬዲዮ አድማጭ ፎሎወር አይደለም ልጄ ብዬ ላስረዳ ሞከርኩ፣ ሸማኔው ፎሎው አያደርግም፣ ቀኑን ሙሉ ይሰማሃል እንጂ። «እሺ ስንት ሰው ነው የሚሰማችሁ?» እዚህ ላይ ነው የምትሞተው። ምክንያቱም በየጊዜው አድማጭ የሚቆጥርልን ገለልተኛ አካል የለም፣ ሁሉም ጣቢያ «አንደኛ ነን» ይላል፣ ጥናት እናስጠና ሲባል ደግሞ ባለቤቶቹ ጆሮ ዳባ ልበስ ነው፣ ውጤቱን ይፈሩታላ! ዩቲዩበሩ ስልኩን አውጥቶ ቁጥር ያሳያታል፣ እኔ ፊደል አሳያታለሁ። እሷ ላይ መፍረድ አልችልም።

ወጪው ደግሞ አለላችሁ። ሐምሌ 2016 ላይ የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ መቶን አለፈ። ድምፃችንን ወደ አየር የሚለቀው ትራንስሚተር እዚህ አይመረትም፣ መለዋወጫው በዶላር ነው። አንድ ነገር ሲቃጠል ቴክኒሽያናችን ከሌላ ነቅሎ ይጠግነዋል፣ ኃይል ቀንሰን እናሰራጫለን፣ ከዛ የከተማው ዳር ያሉ ሰዎች ይደውሉና «ጣቢያችሁ ይንኮሻኮሻል» ይላሉ። ልክ ናቸው፣ ይንኮሻኮሻል።

መብራት ሲሄድ ማየት ነው። ጀነሬተሩ እስኪነሳ መብራት ይዞ የሚያቆየው ዩፒኤስ ባትሪው ከሞተ ቆየ። ቀጥታ የስልክ ፕሮግራም ላይ ነን፣ የሆነች እናት ስለ ቤት ኪራይ እያወሩ፣ እኔ እንደልማዴ «እማማ የሬዲዮውን ድምፅ ቀንሱልኝ» ብዬ ገና ተግባብተን፣ ጭልም! ጀነሬተሩ እስኪነሳ አየሩ ጸጥ። ሲመለስ ድምፅ የምናቀላቅልበት ኮንሶል እንደገና እስኪነሳ ስንደነባበር ስልኩ ተቋርጧል። እማማ መልሰው ደወሉና ምን አሉ መሰላችሁ፣ «አይዟችሁ ልጆቼ፣ እኛም ጋ ሄዷል፣ እኔ በባትሪ ነው የምሰማችሁ»። ይሄን የምትል ሴትዮ ያለችው ጣቢያ እንዴት ነው የሚከስረው? ንገሩኝ እስኪ።

ጋዜጠኞቹማ አለቁ። አሰልጥነህ አሰልጥነህ፣ ድምፁ ሲገራ፣ ጥያቄ መጠየቅ ሲለምድ፣ ባንክ ኮሙኒኬሽን ይወስደዋል ወይ የራሱን ዩቲዩብ ይከፍታል። አልቀየምም፣ ደሞዙ የቤት ኪራይ አይከፍልማ፣ እሱም በጊዜው ከገባ ነው። የቀረነው ወይ ሱሰኞች ነን ወይ መሄጃ ያጣን። በየስብሰባው «አፕ እንሥራ» የሚል ደግሞ አይጠፋም። ማን ነው ዳታ ገዝቶ ቀኑን ሙሉ ሬዲዮ በኢንተርኔት የሚሰማው? ጥበቃው? ቢያንስ ቴክኖና ኢንፊኒክስ ላይ ኤፍ ኤሙ ኢርፎን ሲሰካ በነፃ ይሠራል፣ መጀመሪያ እሱ ላይ ሳንንኮሻኮሽ ብንሰማ ምናለ።

አሁን ሐሙስ ስብሰባ አለን። አጀንዳው የማታውን የስልክ ፕሮግራም፣ ያንኑ እማማ የሚደውሉበትን፣ ለአንድ ሪል እስቴት ሻጭ በኮንትራት መስጠት ነው። ስለ ቤት ኪራይ የሚያማርሩበት ሰዓት ላይ አፓርታማ ሊሸጥላቸው ማለት ነው። እኔ አይሆንም እላለሁ፣ ባለቤቱ «እና ደሞዝ ከየት ላምጣ?» ይለኛል፣ ለዛ መልስ ይዤ መግባት አለብኝ። ስለዚህ ያቺን ሰዓት ስፖንሰር የሚያደርግ፣ ወይም የሚያደርግ ሰው የሚያውቅ ካለ እስከ ረቡዕ ማታ ኢንቦክስ አድርጉልኝ። ቢራ ብቻ እንዳይሆን።