ጧ! ጧ! ሂጂ!

ቅዳሜ ጠዋት አዲሱ ገበያ አካባቢ ነዳጅ ልቀዳ ተሰልፌ፣ አንድ ሰው ኮፈኔን በጥፊ መታው። ሁለት ጊዜ። ጧ! ጧ! "ሂጂ እናት፣ ሂጂ!" የማደያው ሠራተኛ አይደለም። ትራፊክ አይደለም። ወያላም አይደለም። ከፊቴ ያለው መኪና ሁለት ሜትር ፈቀቅ ስላለ እኔም ፈቀቅ እንድል ሊያሳስበኝ የመጣ በጎ ፈቃደኛ ነው። ጣቱ ላይ ቀለበት አለ። ቀለበቱና የመኪናዬ ቀለም ሲገናኙ የወጣው ድምፅ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ።

ወያላ ሲመታ ይገባኛል። ሹፌሩ ከፊት ነው፣ እሱ በር ላይ ነው፣ መሃላቸው አሥራ ስምንት ሰውና አንድ ዘፈን አለ። ቆርቆሮው ስልኩ ነው። የማይገባኝ ይሄ ቋንቋ መቼ ከታክሲ ወርዶ ወደ ሕዝብ እንደገባ ነው። መኪና ስታቆሚ የሚያግዝሽ ልጅ ይመታል። ዘበኛ ይመታል። ሊሰናበትሽ የወጣ ዘመድ እንኳን ሦስቴ ስሞሽ ሲያበቃ ጣሪያውን መታ መታ ያደርጋል፤ ገበያ ውስጥ የበሬ ጀርባ እንደሚፈትሽ ሰው።

ስለዚህ ነገር ልጽፍ ነው የተነሳሁት። ግን ወዴት እየሄድኩ እንደነበር ካልነገርኳችሁ ንዴቴ አይገባችሁም።

ትምህርት ቤት እየሄድኩ ነበር። መንጃ ፈቃድ ካወጣሁ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ሱሉልታን አለፍ ብሎ፣ በታጠረ አስፋልት ላይ፣ የራስን መኪና ይዞ ሄዶ መንዳት የሚማሩበት የአንድ ቀን ሥልጠና አለ ሲሉኝ ተመዘገብኩ። ውጭ አገር ብርቅ አይደለም። ጀርመን ውስጥ ኑርቡርግሪንግ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1927 የተከፈተ፣ ሰሜኑ ዙር ብቻ 20.8 ኪሎ ሜትር የሚረዝም የውድድር መንገድ አለ። ለሕዝብ በሚከፈትበት ሰዓት ማንም ከፍሎ በገዛ መኪናው ይገባበታል። የሱሉልታዋ ግን ኮን የተደረደረባት ሜዳ ናት። አልናቅኳትም። ጉድጓድ የላትም። ለዚህ ብቻም ቢሆን ያስከፍላል።

ለእናቴ ስነግራት ስኒዋን አስቀመጠች። "አሥራ ዘጠኝ ዓመት ነድተሽ ልትማሪ? እስከ ዛሬ ታዲያ በምን ስትነጂ ነበር?"

"በጸሎትሽ" አልኳት።

አዘጋጆቹ አስቀድመው መልእክት ልከዋል። የፍሬን ዘይትና ሸራ ይታይ። የጎማ ነፋስ ይለካ። ብሎን ይጥበቅ። መኪናው ውስጥ የሚንቀሳቀስ ነገር በሙሉ ይውጣ፤ በኃይል ፍሬን ሲያዝ የውሃ ጠርሙስ ተንከባሎ ፔዳል ሥር ሊገባ ይችላል። ልክ ነው። እኔም ዓርብ ማታ የኋላውን ከፈትኩ። ሁለት ባዶ ጀሪካን። የልጄ አንድ እግር ካልሲ። የለቅሶ ነጠላ፣ ድንገት ለሚመጣው። ከፋሲካ ጀምሮ ለእህቴ አደርሳለሁ ያልኩት በርበሬ። የሦስት ሰርግ መጥሪያ፣ ሁለቱ ተፋተዋል። ሁሉንም አውጥቼ ሳበቃ ቪትዜ ከፍ አለች። እውነቴን ነው፣ ኋላዋ ከፍ አለ።

ብሎን ላይ ስደርስ ግን አሮጌ ቂም ተነሳብኝ።

ሰፈራችን አንድ ጎሚስታ አለ። የዛሬ ሁለት ዓመት ጎማዬ ተንፍሶ ሄድኩ። ልጄ ያኔ አሥራ አንድ ዓመቱ ነው፤ ጎኔ ቁጭ ብሎ ብስኩት ይበላል። ጎሚስታው መጣ፣ በእኔ በኩል አለፈ፣ ዞረና የልጄን መስኮት አንኳኳ። "ወንድሜ፣ ስንት ልንፋው?" ልጄ ብስኩቱን አየ። ጎማውን አየ። "ሃያ" አለ። ሰውየው ሃያ ሊነፋ ሄደ! መሪውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ከፋዩ እኔ ነኝ። የተጠየቀው የሦስተኛ ክፍል ተማሪ። ይሄን ሳስታውስ አሁንም ጆሮዬ ይግላል፤ እንደ ቀልድ ልጽፈው ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም።

ያም ብቻ አይደለም። ብሎኑን ሲያጠብቅ በትከሻው ስልክ ይዞ ያወራል። አንዱን አጠበቀ፣ ሳቀ፣ ሁለተኛውን ዘለለ፣ ሦስተኛውን በእግሩ ረገጠ። ሳምንት ሳይሞላ ከፊት ጎማዬ ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ መጣ። ወርጄ ብነካው ብሎኑ በጣቴ ዞረ። በጣቴ! "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" የሚለውን ተረት የፈጠሩት አባቶች ጎማ አያውቁም፤ ጎሚስታን ግን በሩቁ አይተውታል። እኔ ይህን ተረት እወደዋለሁ። ለችኩል ትዳርም፣ ለችኩል ኮንዶሚኒየምም፣ በምርቃቱ ማግሥት ለሚላጥ አስፋልትም ይሆናል። እንደ ነጠላ ነው፣ ለሁሉም ይለበሳል።

መቼም ብሎን ካልን፣ ብሎንም ጎሚስታም ጣልያንኛ ናቸው። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ክሪክ፣ ኮፈን ራሱ። ጣልያን አምስት ዓመት ቆይቶ ወጣ ይባላል እንጂ ኮፈን ሥር አሁንም አለ። የመጀመሪያዋን መኪና ለአጼ ምኒልክ ያመጣው ግን ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። በ1900 ዓ.ም. ሲድሌይ የተባለች መኪና ይዞ፣ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ መንገድ በሌለበት አገር አዲስ አበባ ገባ። ሊያያት የወጣው ሕዝብ ምን እንዳለ አላውቅም። አንድ ሰው ግን ጠጋ ብሎ ኮፈኗን መታ መታ ሳያደርግ አልቀረም። የዚያ ሰውዬ የልጅ ልጅ ነው ነዳጅ ማደያ ያገኘኝ።

ሱሉልታ ደረስኩ። ስምንት መኪና አለን፣ ሴት እኔ ብቻ ነኝ። ወገቧን ዝቅ ያስደረገ ኮሮላ ይዞ የመጣ ጎረምሳ በትህትና፣ በጣም በትህትና፣ "ባለቤትሽ እየመጣ ነው?" አለኝ። "ሥራ ላይ ነው፣ ሲመጣ መጥበሻ ይዞ ይመጣል" አልኩት። አልገባውም። ለእኔም ቆይቶ አልገባኝም፤ ከንዴት የወጣ ነገር ነው።

አሠልጣኙ ቀጭን፣ ድምፁ ዝግ ያለ ሰው ነው። መጀመሪያ የፍሬን ዘይቴን ክዳን ከፍቶ አሳየኝ። አዲሱ ጠራ ያለ ማር የሚመስለው፣ የእኔ የፋሲካ ጠላ ሆኗል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ እርጥበት ይስባል አለኝ። ውሃ ሲገባበት በቀላሉ ይፈላል። ከፈላ አረፋ ይሠራል፣ ፔዳሉ እንደ ስፖንጅ ይሰምጣል። ከእንጦጦ ጀርባ ሙሉ ቁልቁለቱን ፍሬን ረግጠሽ ከወረድሽ፣ አዲሱ ገበያ ስትደርሺ ፍሬንሽ ላይኖር ይችላል፤ በማርሽ ያዢ አለ። ያን ቁልቁለት ስንት ጊዜ ስልክ እያወራሁ እንደወረድኩት ሳስብ እናቴን በልቤ አመሰገንኳት። ዘይቱን እዚያው ቀየሩልኝ።

ከዚያ አቀማመጥ። "መሪውን ዘጠኝና ሦስት ሰዓት ላይ ያዢ" አለኝ።

"በሀበሻ ነው በፈረንጅ?"

ትንሽ አሰበ። "ያው ነው" አለ። እውነትም ያው ነው! የፈረንጅ ዘጠኝ የእኛ ሦስት፣ የፈረንጅ ሦስት የእኛ ዘጠኝ። በሕይወቴ ከፈረንጅ ጋር በሰዓት ስስማማ የመጀመሪያዬ ነው። አገር በሙሉ በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ዞሯል፤ የእኔ ቀኝ እጅ ግን ማርሽ ላይ ካልተኛሁ ብሎ እስከ ምሳ አስቸገረ።

መታጠፊያ ላይ ያለው ትምህርት ቀላል ነው፣ በወረቀት። ፍሬኑን ቀጥ ባለው መንገድ ላይ ጨርሺ። ከውጭ በኩል ገብተሽ፣ ውስጠኛውን ጠርዝ ታክኪና፣ እያሰፋሽ ወደ ውጭ ትወጫለሽ። ይሄን እኮ የሚኒባስ ሹፌሮች በየፌርማታው በነፃ ያሳዩናል። ከባዱ ዓይን ነው። "ኮኑን አትይው። ልትሄጂ የምትፈልጊበትን እይ። መኪናሽ ዓይንሽን ይከተላል።" እኔ ኮኑን እንዳልመታው ኮኑን አየሁት። መታሁት። ሁለተኛውን ይበልጥ ተጠንቅቄ አየሁት። እሱንም። አምስት ኮን ገድዬ ነው ዓይኔን ማንሳት የቻልኩት። አዲስ አበባ ውስጥ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያየሁት ጉድጓድ ብቻ እንደሆነ፣ ሁሉንም የገባሁባቸውም ለዚህ እንደሆነ ያኔ በራልኝ።

ቀጥታው ላይ ደግሞ ሌላ ውርደት። ቪትዜ አንድ ሊትር ሞተር፣ ከፋብሪካ ስትወጣ ሰባ የፈረስ ጉልበት ናት። ከፍታ ላይ አየር ስለሚሳሳ የእንደዚህ ዓይነት ሞተር ጉልበት ሱሉልታ ላይ ሩብ ያህሉ ይጠፋል። አሥራ ሰባቱ ፈረስ ከቤት አልወጣም ማለት ነው። በሌላ በኩል ከአጥሩ ማዶ የሱሉልታ እውነተኛ ፈረሶች ቆመው ያዩናል፣ አንዱም ሩቡ አልጎደለም። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ የተገዛ አንድ የኤሌክትሪክ መኪና ደግሞ ድምፅ ሳያሰማ አለፈኝ። እሱን የአየር መሳሳት አይመለከተውም። ቪትዜ ግን በየዓመቱ አንድ ነገር ሲጎድላት በየዓመቱ ዋጋዋ ይጨምራል። ይሄ ሌላ ወግ ነው፣ ብጀምረው አልጨርሰውም።

ከሁሉ የበላይ ግን ድንገተኛው ፍሬን ነው። በስልሳ ትመጫለሽ፣ ምልክቱ ጋ ስትደርሺ ያለ የሌለ ኃይልሽን ትረግጫለሽ። እኔ ለስለስ አድርጌ ረገጥኩ። "አይደለም" አለ። ደገምኩ። "እንቁላል ነው እንዴ? እርገጪው!" በሦስተኛው ረገጥኩት። ፔዳሉ እግሬ ሥር እንደ ወፍጮ ቤት ወለል ተንቀጠቀጠ፣ ቀበቶው ደረቴን ያዘኝ፣ የተረሳ የሰርግ መጥሪያ ከወንበር ሥር ወጥቶ ጫማዬ ላይ አረፈ። መንቀጥቀጡ የኤቢኤስ፣ በኃይል ሲረገጥ ጎማው ተቆልፎ እንዳይንሸራተት የሚጠብቀው የፍሬን ሥርዓት፣ ሥራ ነው፤ ሰው ደንግጦ እግሩን ያነሳል፣ ማንሳት ነው ስህተቱ አለኝ። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ፍሬን ከተረገጠ በኋላ ለመቆም የሚፈጀው ርቀት አራት እጥፍ ያህል ነው። ይህን ማንም አልነገረኝም ነበር። መንጃ ፈቃድ ሳወጣ የተጠየቅኩት ወደ ኋላ ሄጄ በሁለት እንጨት መሃል መቆም ነው። ወደ ኋላ! ከዚያ ወደ ፊት ሂጂ ብለው ለቀቁኝ።

ማታ ሊጨልም ሲል የመጨረሻውን ዙር በእርጋታ ነዳን፣ ፍሬን እንዲበርድ። ስታቆሚ እጅ ፍሬን አትሳቢ፣ ማርሽ ላይ ተያት ተባልኩ። በመጨረሻም ልወጣ ስል አሠልጣኙ መስኮቴ ጋ መጣ። "ጎበዝ ነሽ" አለ። ከዚያ ጣሪያዬን ጧ! ጧ! አደረገና "በይ ሂጂ!"

እኔም ሳቄ እንደ ልጅ አመለጠኝ። እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ ፊቴ አልተሰበሰበም። ቁልቁለቱን በማርሽ ይዤ ስወርድ ነው ለጽሑፍ የያዝኩት ነገር ትዝ ያለኝ፤ አዎ፣ መኪና መምታት ክፉ ልማድ ነው፣ በጣም ክፉ፣ በተለይ በቀለበት።

የቀለበቱን ጭረት እሁድ ጠዋት ላሳያችሁ ብዬ ፎቶ ላነሳ ወጣሁ። ኮፈኑ ላይ ሰባት ጭረት አለ። የትኛው የእሱ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።