ለዛሬዋ ባሕር ዳር የትኛው የሚና ጨዋታ ደንብ ይሆናል?

የሚና ጨዋታ ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። ጥቂት ወዳጆች ጠረጴዛ ከበው ይቀመጣሉ፤ አንዱ አጫዋች ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፤ ሌሎቹ አንዳንድ ገጸ ባሕርይ ይዘው «እንዲህ አደርጋለሁ» ይላሉ። የሚያጠራጥር ነገር ሲመጣ ዳይስ ይጣላል፤ የወጣው ቁጥር ምን እንደሚያስከትል ደንቡ ይናገራል። ወረቀት፣ እርሳስና ዳይስ እስካሉ ድረስ መብራት ቢጠፋም ኢንተርኔት ቢቋረጥም ጨዋታው አይቆምም፤ ይህ ምን ያህል ዋጋ እንዳለው ለባሕር ዳር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

በዓይነቱ የመጀመሪያው የታተመ ደንብ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ ነው፤ ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን እ.ኤ.አ. በ1974 አወጡት። ዛሬም ከሁሉ የገነነው እሱ በመሆኑ፣ ዘንዶና ጎራዴውን ትቶ የራሱን ዘመንና የራሱን ከተማ መጫወት ለሚፈልግ ወጣት የሚሰጠው ምክር ብዙ ጊዜ አንድ ነው፦ የምታውቀውን ደንብ ያዝ፣ ጎራዴውን በሽጉጥ ተካው። ይህን ምክር አጥብቄ እቃወማለሁ። በዛሬ ዘመን ላይ የሚቆም ጨዋታ የሚፈልገው ዕዳን፣ ዝምድናንና ይሉኝታን የሚያስተናግድ ደንብ ነው፤ የመሣሪያ ዝርዝር በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

በአንድ ታሪክ ላይ እንፈትነው። በጣና ላይ ካለ አንድ የምናብ ገዳም የብራና መጽሐፍ ጠፍቷል እንበል። ፈላጊዎቹ አንድ የሞተር ጀልባ ነጂ፣ አንዲት ነርስ፣ አንድ የባጃጅ ሾፌርና ዩኒቨርሲቲ የገባ ዲያቆን ናቸው። ፍለጋው ክብራን ገብርኤል ቢያደርሳቸው ሴት ወደ ገዳሙ ስለማትገባ ነርሷ አጠገቡ ባለው እንጦስ ኢየሱስ ትቆያለች፤ ቡድኑ ገና በመጀመሪያው ቀን ለሁለት ይከፈላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ይነሣል። ወደ ፎገራ ዳርቻ የሄደችው ጀልባ እምቦጭ ውስጥ ገብታ ሞተሯ ይያዛል። የጠፋውን ብራና የሚያውቀው ደላላ ደግሞ የባጃጅ ሾፌሩ አክስት ባል ሆኖ ይገኛል። በዚህ ሁሉ ውስጥ አንዲት ጥይት አልተተኮሰችም፤ ታሪኩ ግን ሞልቷል።

አሁን ይህን ታሪክ ለዲ ትዌንቲ ሞደርን እንስጠው። ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት የተባለው አሳታሚ እ.ኤ.አ. በ2002 ያወጣው ይህ ደንብ ለዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አጥንት የዘመናችንን ልብስ ያለበሰ ነው፦ ባለ ሃያ ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የችሎታ ቁጥር ይደመራል፣ ድምሩ ከተቀመጠው የችግር መጠን ጋር ይነጻጸራል። ይህ በራሱ ክፉ አይደለም። ችግሩ ገጸ ባሕርዩ ደረጃ ባደገ ቁጥር የሕይወት ነጥቡ፣ ማለትም ሳይወድቅ የሚችለው የጉዳት መጠን፣ እየተከመረ መሄዱ ላይ ነው። ዘንዶ በሚገድል ጀግና ላይ ያምራል፤ በነርስ ላይ ግን እምነት ያሳጣል። አዘጋጆቹም ስለተረዱት ከባድ ጉዳት በአንድ ጊዜ የደረሰበት ሰው ወዲያው ሊወድቅ የሚችልበትን ደንብ ጨምረዋል፤ ግን የተጨመረ ነገር መሠረቱን አይለውጥም።

ከዚያ የባሰ የሚያስቸግረኝ የገንዘብ አያያዙ ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ የሀብት ቁጥር አለው፤ ሲገዛ በዚያ ቁጥር ዳይስ ይጥላል፤ ውድ ነገር ከገዛ ቁጥሩ ይቀንሳል። ሰው ሁሉ ከባንክ ብድር ጋር በሚኖርበት አገር ብልህ አቋራጭ ይሆናል። በእኛ ዘንድ ግን የባጃጅ ሾፌሩ ሞተሩ ሲበላሽበት ገንዘቡን ከየት እንደሚያመጣ ራሱ ታሪክ ነው፦ የዕቁብ ተራውን ከማን ይለዋወጣል? ማን ዋስ ይሆነዋል? ከአክስቱ ባል ከተበደረ በኋላስ ያንኑ ሰው ስለ ብራናው እንዴት ይጠይቀዋል? ዲ ትዌንቲ ሞደርን ይህን ሁሉ በአንድ ዳይስ ዘልሎት ይሄዳል፤ እኔ ግን ሙሉ ምሽት ልጫወተው የምፈልገው እሱን ነው።

ስለ ጥይትም በግልጽ ልናገር። ባለፉት ዓመታት የተኩስ ድምፅ ሰምቶ ያደረ ወጣት በዚህ ከተማ ብዙ ነው። ስለዚህ ጠመንጃ የጨዋታው ማድመቂያ የሆነበትን ደንብ ለእነዚህ ልጆች ማቅረብ አልወድም። ጠመንጃ ከጨዋታው ይጥፋ አልልም፤ ሲመጣ ግን ክብደቱን ይዞ ይምጣ።

ይህን ክብደት ጠብቀው ከያዙት አንዱ ገርፕስ ነው። ስቲቭ ጃክሰን እ.ኤ.አ. በ1986 ያወጣው ይህ ደንብ የሚፈልገው እንደ ሉዶው ያለ ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ሦስት ብቻ ነው፤ ድምሩ ከችሎታህ ካልበለጠ ተሳካልህ። ሦስት ዳይስ ሲደመር መሐለኛው ቁጥር ስለሚበዛ ውጤቱ እንደ ተራ ሰው ሕይወት የረጋ ነው። ግን በጠብ ጊዜ አንዱ ዙር አንድ ሰከንድ ነው። ጀልባ ላይ በተነሣ ግብግብ አንድ ሰዓት ተቀምጠን የጨዋታው ሰዓት ግማሽ ደቂቃ እንኳ ላይሞላ ይችላል። ለጥንቃቄው አከብረዋለሁ፤ ለምሽት ጨዋታ አልመርጠውም።

ሳቬጅ ወርልድስ የተባለው ደንብ በተቃራኒው ፈጣንና ደስ የሚል ነው፤ ለማሳደድና ለማምለጥ የተሠራ ስለሆነ ብራና ለሚፈልግ ቡድን ብዙ አይጠቅምም።

በመቶኛ የሚሠራው ቤዚክ ሮልፕሌይንግ ግን ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣው ዝነኛው የአስፈሪ ምስጢር ጨዋታ ኮል ኦፍ ክቱሉ የቆመው በዚህ ደንብ ላይ ነው። ጀልባ መንዳት 60 ተብሎ ከተጻፈ፣ ከ1 እስከ 100 በሚወጣው ቁጥር 60 ወይም ከዚያ በታች ሲገኝ ይሳካል። ዳይስ በእጁ ይዞ የማያውቅ ሰው እንኳ ወዲያው ይገባዋል። የሕይወት ነጥብ እንደ ዲ ትዌንቲ ሞደርን እየተከመረ አይሄድም፤ ስለዚህ ጥይት ጥይት ሆኖ ይቀራል። ክህሎትም የሚያድገው በዋናነት በጨዋታው ውስጥ ተጠቅመህ ሲሳካልህ ነው፤ ጀልባ ነጂው በመንዳት፣ ነርሷ በማከም ይሻሻላሉ። ቁጥሩን የሚያወጡት ሁለት ባለ አሥር ገጽ ዳይስ ከጠፉ፣ ከ0 እስከ 9 የተጻፈባቸው ቁራጭ ወረቀቶች ብርጭቆ ውስጥ ጥሎ፣ የመጀመሪያውን መልሶ፣ ሁለት ጊዜ ዕጣ ማውጣት ይበቃል። ለጀማሪ አጫዋች ከዚህ የተሻለ ደንብ አላውቅም።

ፌት የተባለው ደንብ ደግሞ ዝምድናንና ቃል ኪዳንን በቀጥታ ወደ ደንብ ያስገባል። ስለ ገጸ ባሕርይህ አጫጭር ሐረጎች ትጽፋለህ፤ «ለእናቱ ቃል የገባ ዲያቆን» ብለህ ከጻፍክ፣ ሐረጉ ሲጠቅምህ ነጥብ ከፍለህ ትጠቀምበታለህ፣ አጫዋቹ ሲያስቸግርህ ደግሞ ነጥብ ይሰጥሃል። ሐሳቡ ግሩም ነው። በጠረጴዛው ላይ ግን ተጫዋቾች ከታሪኩ ወጥተው ስለ ነጥብ መደራደር ያበዛሉ፤ ሐዘኑም ሳቁም እዚያው ይቀዘቅዛል።

የእኔ ምርጫ ቪንሰንትና መጌ ቤከር እ.ኤ.አ. በ2010 ካወጡት አፖካሊፕስ ወርልድ የተወለደው የደንብ ቤተሰብ ነው። ሁለት ባለ ስድስት ገጽ ዳይስ ይጣላል፣ የገጸ ባሕርዩ የብልጫ ነጥብ ይደመራል፤ ከ10 በላይ ወይም 10 ከሆነ ሙሉ በሙሉ ተሳካ፤ ከ7 እስከ 9 ከሆነ ተሳካ ግን ዋጋ ያስከፍላል፤ 6ና ከዚያ በታች ከሆነ ችግር ይመጣል። የአንድ ነጥብ ብልጫ ያለው ሰው ሊወጡ ከሚችሉት 36 አጋጣሚዎች በ10ሩ ሙሉ ይሳካለታል፣ በ16ቱ በዋጋ ይሳካለታል፣ በ10ሩ አይሳካለትም። ከሦስቱ አብዝቶ የሚወጣው መሐለኛው ነው፤ የምንኖረው ኑሮም ይኸው ነው፤ ጉዳይህ ያልቃል፣ ግን የውለታ ዕዳ ይኖርብሃል።

ይህ ቤተሰብ ለራስ ሁኔታ ራስህ ደንብ እንድትጽፍ ይጋብዛል። ለምሳሌ ሽማግሌ መላክን እንዲህ እጽፈዋለሁ፦ በበደለህ ሰው ላይ ሽማግሌ ስትልክ ዳይስ ጣል። 10 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሰውየው ይቅርታ ጠይቆ የምትፈልገውን ይናገራል። ከ7 እስከ 9 ከሆነ ይናገራል፣ ግን ሽማግሌዎቹ በአንተም ላይ ፍርድ ይጥላሉ፤ ወይ ትክሳለህ፣ ወይ ነገሩን ለሌላ ላለመናገር ትምላለህ። 6ና ከዚያ በታች ከሆነ ሽማግሌዎቹን ያሳፍራቸዋል፤ ያ ኀፍረት ያንተ ዕዳ ይሆናል፣ ሁለተኛ ስትለምናቸውም እግራቸው ይከብዳል። ከአክስት ባል ጋር የሚደረገውን ፍጥጫ በዚህ ደንብ መጫወት የትኛውም የጠመንጃ ሠንጠረዥ የማይሰጠው ውጥረት አለው።

ድክመቱን አልደብቅም። «ዋጋው ምንድን ነው?» ለሚለው ጥያቄ አጫዋቹ በየጊዜው ወዲያው መልስ መፍጠር አለበት፤ ዓይን አፋር አጫዋች በዚህ ይደክማል። ምልክት እየለቀሙ ሄደው ምስጢር የሚፈቱበት ረጅም ታሪክም በመቶኛው ደንብ የበለጠ ይጸናል። ስለዚህ አዲስ ቡድን በመቶኛው ጀምሮ፣ ተጫዋቾቹ ሲላመዱ ወደ ሁለቱ ዳይስ ቢሻገር እመርጣለሁ።

ይህን ሁሉ በአማርኛ ለማዘጋጀት የሚከለክል ነገርም የለም። የፌት መሠረታዊ ደንብ በነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ነው፤ ቤዚክ ሮልፕሌይንግም እ.ኤ.አ. በ2023 ክፍት ፈቃድ አግኝቷል፤ ቤከሮችም ሌላው ሰው የእነሱን ሐሳብ ተከትሎ የራሱን ጨዋታ እንዲጽፍ በራቸውን ክፍት አድርገዋል። የሚያስፈልገው ሁለት ገጽ ወረቀት ነው፦ በአንዱ የዳይሱ አጣጣል፣ በሌላው እዚሁ የተጻፉ ደንቦች። ከሽማግሌው ቀጥሎ ሦስት ቢጻፉ እወዳለሁ፤ ዕቁብ ተራ ስትለዋወጥ፣ ለሰው ዋስ ስትሆን፣ ከሰዓት በኋላ ጀልባ ይዘህ ወደ ዘጌ ስትነሣ።