ይቅርታም ማዕረግ አለው

እንግሊዝኛ በይቅርታ በኩል ድሃ ቋንቋ ነው። የሰው እግር የረገጠም፣ የሰው ንብረት ያወደመም «ሶሪ» ብሎ ይገላገላል። ጃፓንኛ እንዲህ ያለ ግልግል አይወድም። መዝገበ ቃላቱ «ሶሪ» ብሎ በደፈናው የሚያልፋቸው ቃላት ብዙ ናቸው፤ ተናጋሪው ግን አፉን ከመክፈቱ በፊት የጥፋቱን መጠን፣ የተበዳዩን ዕድሜና የራሱን የሥራ ደረጃ ማስላት አለበት።

ቶኪዮ ውስጥ በባቡር ግፊያ የሰው ጫማ የረገጠ «ሱሚማሴን» ይላል። ሥሩ «አላለቀም» ነው፤ ዕዳዬ ገና አልተዘጋም እንደ ማለት። ይህ ቃል ዕረፍት የለውም፤ አስተናጋጅ ይጠራበታል፣ መንገድ ይጠየቅበታል፣ ስጦታ ሲቀበሉም ይባላል። የመጨረሻው ለእኛ እንግዳ አይደለም። ብርቱካን ይዞ የመጣን ዘመድ «ምነው፣ ለምን ተቸገርክ?» ብለን እየተቆጣን ፌስታሉን የምንቀበል ሰዎች ነን።

ሚስቱን ያስኮረፈ ባል በ«ሱሚማሴን» ቢጀምር ግን ሒሳብ እንዲመጣለት የጠየቀ ይመስላል። ለቤትና ለጓደኛ የሚያዋጣው «ጎሜን» ነው። ይህንኑ «ጎሜን» ይዞ አለቃው ፊት የቀረበ ሠራተኛ ደግሞ በጥፋት ላይ ጥፋት ጨመረ። ለአለቃና ለደንበኛ የሚገባው «ሞሺዋኬ ጎዛይማሴን» ነው፤ ሲፈታ «የማቀርበው ምክንያት የለኝም»። በእኛ ቢሮዎች ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ «ሲስተም የለም»ን የመሰለ ምክንያት ሞልቶ የሚጠፋው ይቅርታው ነው።

ሥራውን ጨርሶ ወደ ቤቱ የሚሄድ ጃፓናዊ እንኳ ለቀሩት ባልደረቦቹ «ኦሳኪ ኒ ሺትሱሬይ ሺማሱ» ሳይል አይወጣም፤ ቀድሜአችሁ በመሄዴ ነውር ሠራሁ ማለቱ ነው። ወገብም የራሱ ማዕረግ አለው፤ ለተራ ሰላምታ 15 ዲግሪ፣ ለአክብሮት 30፣ ለከባድ ይቅርታ 45።

እ.ኤ.አ. በ2017 የትሱኩባ ኤክስፕረስ ባቡር ኩባንያ ሕዝብን በይፋ ይቅርታ ጠየቀ። ጥፋቱ አንድ ባቡር ከሚናሚ ናጋሬያማ ጣቢያ 20 ሰከንድ ቀድሞ መነሳቱ ነበር። አቤት ያለ ተሳፋሪ አልነበረም፤ ቀጣዩ ባቡርም በ4 ደቂቃ ልዩነት የሚደርስ ነበር። አውቶብስ ተራ ወንበሩ እስኪሞላ ቁጭ ብሎ የሚጠብቅ የእኛ አገር ተሳፋሪ ይህን ቢሰማ ጥያቄው አንድ ብቻ ነው፦ «ሳይሞላ ነው የተነሳው?»